ዘጠነኛው ምሰሶ ሥር

የምሰሶውን ወሬ ከመጀመሬ በፊት ስለ አባቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አባቴ መኪና የሚፈራ ሰው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እንደ ቤቱ ጓሮ ያውቀዋል። ከሁመራ ሰሊጥ፣ ከደምቢያ ጤፍ ሲያመላልስ ቆይቶ ጡረታ የወጣው ቀኝ ጉልበቱ ፍሬን መርገጥ እንቢ ባለው ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ዛሬም "አያ ሾፌር" እያለ ይጠራዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማወራውን ሰምታችሁ እንዳትስቁበት ነው። ብትስቁም አልቀየምም፤ እኔም ስቄያለሁ።

እኔ ኤሌክትሪክ አስተማሪ ነኝ። ከአባቴ ጋር ሁለት ሆነን የምንኖርበት ቤት ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ከሚወርደው ትልቅ መንገድ በአንዲት ቀጭን መግቢያ ገባ ብሎ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመግቢያችን ፊት ለፊት፣ ደብራችን አለ። አባቴ በየጠዋቱ ጋቢውን ደርቦ ኪዳን ላስደርስ ብሎ ይወጣል። እኔ ቁርሴን ጎርሼ ወደ ሥራ ስሮጥ እሱ ይመለሳል። "ዛሬ ስብከቱ ሸጋ ነበር" ይለኛል፤ ሰባኪው የተናገረውንም ከነምሳሌው ይደግምልኛል። ባላስቀድስም በአባቴ በኩል ስብከት አልጎደለብኝም።

ከማስተማሩ ጎን ለከተማው የያዝነው ሥራ እንዲህ ነው። ከተማው መኪና በዝቶበታል። ባጃጁ፣ ወደ ጠዳና ማክሰኝት የሚከንፈው ሚኒባስ፣ እህል የጫነው አይሱዙ፣ ሁሉም በዚያችው መንገድ ይጋፋል። የት ጋ መሻገሪያ፣ የት ጋ የታክሲ ፌርማታ እንደሚያስፈልግ ለመወሰን መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። ድሮ የሚቆጥረው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ያሰምራል፤ ዝናብ ሲመጣ ሰረዙንም ወንበሩንም ይዞ ይገባል። እኔና አንድ ባልደረባዬ ዓይናችን የመንገድ መብራቶቹ ላይ አረፈ። ምሰሶው ረጅም ነው፣ ኤሌክትሪክ አለው፣ ቦታ አይጠይቅም፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ያለ ሥራ ተገትሮ ይውላል። የጫማ ካርቶን የምታክል የሴንሰር ሳጥን ብንሰቅልበት ማታ እያበራ፣ ቀን እየቆጠረ እንጀራውን ይበላል አልን።

ሳጥኑ ፎቶ አያነሳም። ከሥሩ የሚያልፈውን ሁሉ ነጥብ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ትልቁ ነጥብ መኪና፣ ትንሹ ነጥብ ሰው ነው። ነጥቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ኮምፒውተሩ ላይ በመሥመር ያሳየናል። እኛም በየስብሰባው የምንኩራራው በዚህ ነበር። ሳጥናችን የማንንም ፊት አያውቅም፣ ሰው አይለይም እያልን የጠየቀንን ሁሉ እናረጋጋ ነበር።

አሥራ ሁለት ምሰሶዎች ተመረጡ። ዘጠነኛው የእኛ መግቢያ አፍ ላይ ያለው ሆነ። ሳጥኑ በሚሰቀልበት ቀን አባቴ ሥራ አገኘ። መሰላል የተሸከመችውን መኪና "ና፣ ና፣ ወደ ግራህ፣ ቁም" እያለ እሱ ነው ያስጠጋት። ሠራተኛው ከላይ ብሎን ሲያጠብቅ አባቴ ከታች አንጋጦ፣

"ምነው ልጀ፣ ማኪና ለመቁጠር ዓይን አይበቃም?" አለኝ።

"ዓይን ይደክማል አባዬ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለ። እኔ ስለ ሴንሰር ያስረዳሁት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት መረጃ ለማየት ያስደስታል። በዚያ ሳምንት ጎንደር ውስጥ አንድም ሰው በፍጥነት አልነዳም። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳጥኑን የቅጣት ካሜራ ነው ብለው እርስ በርስ ተነጋግረው ኖሮ ምሰሶው ሥር ሲደርሱ እንደ ሙሽራ መኪና ይንቀራፈፋሉ፤ ምሰሶውን ካለፉ በኋላ የቀረባቸውን ያካክሳሉ። ያንን ሳምንት ጣልነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የባጃጁ ቁጥር ለምን እንደሚያሻቅብ ግራ ገባን። ወጥተን ስናይ ለካ ሳጥኑ ጭድ የጫነ አህያ ባየ ቁጥር ባጃጅ ብሎ ይመዘግባል። ለአባቴ ብነግረው፣ "አልተሳሳተም፤ አህያዋ ግን ከባጃጁ ትሻላለች፤ መንገድ ታውቃለች" አለ።

አህያውን ከባጃጅ መለየት ካስተማርነው በኋላ ሳጥኑ ጨዋ ሆነ። በሦስተኛው ወር ሪፖርታችንን መጻፍ ጀመርን። ባልደረባዬ ፈጣን ልጅ ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚጀምር ዓይነት። ዘጠነኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። በየጠዋቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ዐሥር ትናንሽ ነጥቦች ምሰሶው ሥር ይሰበሰባሉ፤ ቆመው፣ ቆመው ይበተናሉ። መንገዱን የሚሻገር ነጥብ ግን የለም ማለት ይቻላል።

"ታክሲ ጠባቂዎች ናቸው" አለ ባልደረባዬ። "እዚህ ጋ መሻገሪያ አያስፈልግም፤ ፌርማታ ነው የሚያስፈልገው።"

በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ፤ እኔም ነጥቡን አይቼ ተስማማሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። በራፋችን ላይ ፌርማታ ሊሠራልን ነው። አርብ ዕለት የከተማውን መንገድ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ልናቀርብ ተዘጋጀን።

ለአባቴ እራት ላይ አበሰርኩት። የጎረሰውን አላምጦ እስኪጨርስ ጠበቅኩ፤ አልጨረሰም።

"የት ጋ?" አለኝ።

"መግቢያችን ላይ፣ ምሰሶው ጋ። ከእንግዲህ ታክሲ ፍለጋ መሄድ ቀረ።"

"ማን ታክሲ ፈልጎ?"

"በየጠዋቱ ሰው ቆሞ ይጠብቃል እኮ፤ ሳጥኑ ቆጥሯቸዋል።"

አባቴ ውኃ ጠጣ። ከዚያ ፌርማታ የማይሆንበትን ምክንያት ይደረድርልኝ ጀመር። ቦታው ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ያስበላል። ረዳቶቹ "አዘዞ! አዘዞ!" እያሉ ሰፈሩን ያደነቁሩታል። ሚኒባስ ከቆመበት ዘይት ያንጠባጥባል። ቆይቶ ደግሞ፣ "ሚኒባስ ከተገተረ ማዶ አይታይም" አለ። ማዶ ምን እንዲታይ እንደፈለገ ልጠይቀው ነበር፤ እሱ ግን እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

አባቴ ምክንያት ሲያበዛ አንዱን ደብቋል ማለት ነው። በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ የዘጠነኛውን ምሰሶ መሥመሮች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ታክሲ የሚጠብቅ ነጥብ መኪና አጠገቡ ሲቆም ይጠፋል፤ ተሳፍሯል ማለት ነው። የእኛዎቹ ነጥቦች ግን ሚኒባስ ሲቆምላቸው ንቅንቅ አይሉም። ሲጨርሱ ወደመጡበት ይመለሳሉ። አንደኛዋ ነጥብ ደግሞ ከእኛ መግቢያ ነው የምትወጣው። እስከ አስፋልቱ ጠርዝ በቀስታ ትሄዳለች፤ ትንሽ ወረድ ትላለች፤ ትመለሳለች። እንደገና ትወርዳለች፤ ትመለሳለች። ሦስተኛ ትሞክራለች። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄዳ ትቆማለች። ሰኞም እንዲሁ፣ ማክሰኞም እንዲሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ። ከመግቢያችን በዚያ ሰዓት የሚወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው አይለይም ብዬ ስኩራራበት የነበረ ሳጥን አባቴን ለይቶ ፊቴ አስቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜው ወጣሁና መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ በር ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቆምኩ። አንድ በአንድ መጡ። አምስት አሮጊቶች፣ አንድ ዓይናቸውን በሻሽ ያሰሩ አዛውንት፣ አባቴ። ምሰሶው ሥር ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። የደብሩ ድምፅ ማጉያ መንገዱን ተሻግሮ ይደርሳቸዋል። ሲጸለይ ይጸልያሉ፣ ሲሰበክ ያዳምጣሉ። በእኛ አገር ከውስጥ መግባት ያልቻለ በሩን፣ በር ያልደረሰ ቅጥሩን ይሳለማል። እነዚህ ቅጥሩም ጋ መድረስ ስላልቻሉ የመብራቱን ምሰሶ ይሳለሙ ነበር። ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው፣ በቀኝ አንዴ በግራ አንዴ ስመው ይመለሳሉ። ታክሲ ጠባቂ ያልናቸው እነዚህን ነው።

ሁለት ዶሮ ያንጠለጠለች፣ ከቆላ ድባ ለገበያ የመጣች ሴት ይህንን አይታ ቆመች። ወደ ሳጥኑ አንጋጠጠች፤ ዶሮዎቿን መሬት አስቀመጠች፤ እሷም ተሳለመች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብላ፣

"አያ፣ ይኸ የማን ታቦት ነው?" አለችው።

"ኧረ ታቦት አይደለም። ማኪና ቆጣሪ ነው። ልጄ ናት የሰቀለችው" አለ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ኩራት እኔ ብቻ አልነበርኩም የሰማሁት።

"ለወገብ ያድናል?"

"ለወገቡ አላውቅም። የኔን ጉልበት ግን እስካሁን አልሞከረውም።"

ሴትዮዋ አሰብ አደረገችና ለጥንቃቄ አንድ ጊዜ ደግማ ስማው ሄደች። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ "አያ ሾፌር፣ አንተ እንኳ ብትሻገር እኛም ተከትለንህ እንገባ ነበር" ስትለው ሰማሁ።

"እንዴት ብየ? ጎህ ሳይቀድ እንዳልሻገር ዓይኔ፣ ሲነጋ እንዳልሻገር ባጃጁ" አለ አባቴ። "መሪ ይዤ ስንት ሽማግሌ ሳላየው ቀርቸ ለጥቂት እንደተረፈ የማውቅ እኔ ነኝ። ሾፌር የማያየውን ስለማውቅ ነው እግሬ እንቢ የሚለኝ።"

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። አፈርኩ፤ ከዚያም በላይ ተናደድኩ፣ በራሴ ነው የተናደድኩት። አባቴ የሚነግረኝን ስብከት ሁሉ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሰማው ነው። ዓይኑ መድከሙንም አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት ሄጄ በዚያች በቀረችላቸው ቦታ ላይ ሚኒባስ ይቁምባት ብዬ ልፈርም ነው። እጁን ይዤ ባሻግረው ብዬ አሰብኩ። ማታ ቤት ገብቼ፣ "አባዬ፣ እሑድ አብረን እንሂድ?" አልኩት። "አንች ተኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደክመሻል። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይችን መንገድ የሚመራው ይፈልጋል?" አለና ሬዲዮኑን ከፈተ። ያየሁትን ብነግረው ገበናውን ገለጥኩበት ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

አርብ ስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ "ዘጠነኛው ምሰሶ ላይ ስሕተት አለ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ፌርማታ ሳይሆን መሻገሪያ ነው የሚያስፈልገው" አልኩ። 

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ረጋ ያሉ፣ ከረባታቸውን እንደ ቤታቸው ቁልፍ በየደቂቃው የሚነካኩ ሰው ናቸው። ሪፖርቱን ገለበጡ። "ተሻጋሪ የለም ይላል እኮ ወረቀታችሁ" አሉ።

"የለም፤ ስለሚፈሩ ነው የሌለው። ሳጥኑ የተሻገረውን ነው የሚቆጥር። መሻገር ፈልጎ ያቃተውን ቆሞ ጠባቂ ብለን እኛ ነን የተረጎምነው።"

"ማን ማን እንደሆኑ በምን አወቅሽ? ሰው አይለይም አላላችሁም?"

የገዛ ኩራቴ አፌን ያዘኝ። አባቴ ነው ማለት አልፈለግኩም። "የሰፈሬ ሽማግሌዎች ናቸው" አልኩ።

"እኔ ለሌለ ተሻጋሪ አስፋልት ላይ ቀለም ባፈስ ምን እባላለሁ?"

"እንግዲያው አንድ ጠዋት ይምጡና እርስዎ ይሻገሩ" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ሳቁ። "ማክሰኞ እመጣለሁ" አሉ።

ማክሰኞ በሰዓቱ መጡ። እኔ ለሰላምታ እንኳ ሳልወጣ ሱቋ ውስጥ ኮምፒውተሬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ባለሱቋ የሳሙና ካርቶን ሰጥታኛለች። የኃላፊው ነጥብ በልበ ሙሉነት ወደ አስፋልቱ ወረደች። ሚኒባስ ጮኸባት። ተመለሰች። ትንሽ ቆማ እንደገና ወረደች። በግራ አይሱዙ፣ በአይሱዙው ጎን ባጃጅ። ተመለሰች። በሦስተኛው እስከ መሀል ደርሳ ነበር፤ ከመሀል ስትመለስ ግን እየሮጠች ነው። ኮምፒውተሩ ጎኗ ላይ "ቆሞ ጠባቂ" ብሎ ጻፈ። ከውጭ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

"ና ልጀ፣ እዚህ ጋ ና። አትልፋ። ከዚህ ሆነህ ተሳለም፣ ይሰማል።"

ሁለቱ ነጥቦች ምሰሶው ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። አንገቴን ብቅ አድርጌ ሳይ የመንገድ ኃላፊው ከረባታቸውን በእጃቸው ደግፈው የመብራት ምሰሶ ሲስሙ አየሁ። ወደ ሱቋ ሲመጡ ላብ በላብ ናቸው። "ጉብታም ይጨመርበት" አሉ።

ቀለሙ ለመምጣት ከአንድ ወር በላይ ወሰደ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የመጣ ዕለት አባቴ ሠራተኞቹን ሲያዝ ዋለ። መስመሩ ተጣመመ፣ ጉብታው አነሰ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም እያለ። በማግሥቱ ጠዋት፣ "ዛሬ እኔም አስቀድሳለሁ" ብዬው አብረን ወጣን። እንቢ አላለኝም። ሽማግሌዎቹ ምሰሶው ሥር ቆመው ነጩን መስመር ያያሉ፤ ማንም የሚረግጠው የለም። አስፋልት ላይ ነጭ መቀባት ባጃጅ ያስቆማል ብሎ ማን ያምናል?

አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና ወረደ። አንድ አይሱዙ ከላይ እየመጣ ነበር። አባቴ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ፣ መኪናውን ሳይሆን ሹፌሩን እያየ ቆመ። አይሱዙው ጉብታው ላይ ተንፍሶ ቆመ። ከኋላው ያሉት ባጃጆች ማለፊያ አጡ። አባቴ ወደ አሮጊቶቹ ሳይዞር በግራ እጁ "ኑ፣ ኑ፣ ኑ" አላቸው፤ እንደዚያች ባለመሰላል መኪና እየመራ አሻገራቸው። አንዷ በጭንቀት እጄን ጨብጣ ልትሰብረው ነበር። ማዶ ስንደርስ አባቴ ለሹፌሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ሹፌሩም ጡሩንባውን በአጭሩ ነካ አደረገለት።

አሮጊቶቹ እልል እያሉ ገቡ። እኔና አባቴ የቅጥሩ በር ጋ ቀረን። እሱ ቅጥሩን ተሳልሞ ገባና ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አጠገብ ቆመ።

"ያ ሳጥንሽ ሰው አይለይም አይደል ያልሽኝ?" አለኝ።

"አይለይም።"

"ሱቅ በር ላይ ነጠላ ተከናንባ የቆመችውን ልጅ ግን እኔ ለይቻት ነበር። ዓይኔ ከማኪና ጋር ነው የተጣላ፣ ከልጄ ጋር አይደለም።"

 እኔ ገበናውን ስሸፍንለት እሱ ደግሞ መሸፈኔን ሲሸፍንልኝ ነው የከረመው።

"ለምን አልነገርከኝም አባዬ?" አልኩት።

"ሁለት ክረምት ከማዶ ቆምሁ። መጀመሪያ ነገ እሻገራለሁ ብየ። ኋላ ደግሞ መናገሩ ከመሻገሩ ባሰ።"

ከዚያ ለመግባት ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ግማሽ ድረስ ወሰደውና አቆመው። ቀና ብሎ ተነፈሰ፤ እንደገና ሞከረ፤ አልሆነም። ልረዳው ሳልንቀሳቀስ ጠበቅኩት። ግራና ቀኝ አየ፤ ማንም አልነበረም። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

"ነይ ልጀ፣ ፍችልኝ" አለኝ።

ተንበርክኬ ማሰሪያውን ፈታሁ። እንዳይወድቅ በመዳፉ ጭንቅላቴን ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ጫማ አውልቄ ከጨረስኩ በኋላም እጁን አላነሣም።